የ«ቤ» እግር ለምን ተቀነጠሰ?

ባለፈው ክረምት ለእኅቴ የቤት ምረቃ ስጦታ እንዲሆን «ቤተሰብ» የሚለውን ቃል ከአንድ የዋንዛ ጣውላ ቆርጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼና የተልባ ዘይት ቀብቼ ጨርሼው ነበር። ጠዋት ልጠቀልለው ሳነሣው የ«ቤ» ቀኝ እግር ከነቀለበቱ ተቀንጥሶ መዳፌ ላይ ቀረ። ሁለት ምሽት የፈጀ ሥራ ነበርና በጣም አዘንሁ። ስብራቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ሳየው ግን ኮላ የሚፈታው ጉዳይ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ጥፋቱ ከንድፌ ነበር።

የምሠራበት መሣሪያ ስክሮል ሶው ይባላል። ብዙ ሰው ከጂግሶ ጋር ያምታታዋል፤ ጂግሶ በእጅ ተይዞ በእንጨቱ ላይ የሚነዳ ሲሆን፣ በዚህኛው ግን ምላጩ ባለበት ሆኖ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል፣ የሚዞረውና የሚታጠፈው በሁለት እጅ የተያዘው እንጨት ነው። ምላጩ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ እንደ መጥረጊያ ስንጥር የቀጠነ ብረት ሲሆን ከላይና ከታች ተይዞ ይወጠራል፤ በጣት ሲነካ እንደ ክራር ጅማት ጥርት ብሎ ካልጮኸ ገና አልተወጠረም ማለት ነው፣ የላላ ምላጭም ከመስመር ይወጣል። በቃሉ ውስጥ የሚወልቅ ክፍት ቦታ ሲኖር በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፣ የምላጩ አንድ ጫፍ ተፈትቶ በቀዳዳው ይሾልካል፣ ከዚያም እንደገና ይታሰራል። ሁልጊዜም የውስጡ ክፍል ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ውጭው ጠርዝ የሚኬደው፤ ውጭው ቀድሞ ከተቆረጠ እጅ የሚይዘው እንጨት ያጣል።

የእኛ ፊደል ለዚህ ሥራ የራሱን ጥያቄ ያመጣል። ከውጭ የሚገኙት ንድፎች በአብዛኛው የተቀጣጠለ የእጅ ጽሕፈትን የተከተሉ ስለሆኑ፣ አንዱ የላቲን ፊደል የሌላውን ጅራት ይዞ ስሙ በሙሉ አንድ ወጥ እንጨት ሆኖ ይወጣል። የእኛዎቹ ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የቆሙ ናቸው፣ ስለዚህ የሚያያይዛቸው ነገር ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ከላይ በአንድ ዘንግ አያይዤ፣ እግሮቻቸው ወደ ታች እንዲንጠለጠሉ አድርጌ ነበር የሣልኋቸው። ፊደሉን በጣውላው ላይ ቦርቡሮ ማውጣት ለሚፈልግም ሌላ ችግር አለ፦ «ም»፣ «ወ»፣ «ቀ»፣ «ዐ» በውስጣቸው የተዘጋ ክብ ስላላቸው፣ በዙሪያቸው ሲቆረጥ መካከላቸው ወድቆ ይቀራል፤ ይህ እንዳይሆን ቀጭን ድልድይ መተው ግድ ነው። «ቡና» የሚለው ቃል ግን ከሁለቱ ፊደላት አንዱም የተዘጋ ክብ ስለሌለው ያለ አንዳች ድልድይ ይወጣል። ይህን ሳስተውል የተሰማኝ ደስታ ቀላል አልነበረም።

የተሰበረውን ጣውላ ይዤ በሰፈራችን ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት አናጢ ሄድሁ። የምንኖርባት ጅማ ከአንድ ግንድ በሚፈለፈል ባለ ሦስት እግር በርጩማዋ የታወቀች ከተማ ናት፣ እርሳቸውም ያን ሲፈለፍሉ ያደጉ ሰው ናቸው። ጣውላውን ገልብጠው የእንጨቱን ጭረት፣ ማለትም ክሮቹ የሚሄዱበትን መስመር፣ በጥፍራቸው ተከተሉና «ልጄ፣ ዛፉ ቆሞ ነው ያደገው፤ አንተ አጋደምኸው፣ ፊደሉን ግን አቆምኸው» አሉኝ። በእርግጥም እንዲያ ነበር። ቃሉ ረጅም በመሆኑ ጭረቱን ከግራ ወደ ቀኝ አስኬጄው ነበር፣ የፊደላቱ እግሮች ግን ቁልቁል ስለሚወርዱ እያንዳንዱ እግር ጭረቱን አቋርጦ የሚሄድ፣ በጣት የሚሰበር ስንጥር ሆኖ ቀርቷል። ፊደላችን ከሞላ ጎደል በእግር የሚቆም ፊደል ነውና ይህ ነገር የአንድ ቃል ችግር ብቻ አይደለም። ኮምፔንሳቶ ንጣፎቹ እርስ በርስ የተቋረጡ ስለሆነ ይህን ይቋቋማል፤ እኔ ግን የዋንዛን ቀላ ያለ ቡናማ መልክ በኮምፔንሳቶ ለመለወጥ ልቤ አልፈቀደም።

ዋንዛ በእኛ አካባቢ ለቡና ጥላ የሚሆን ዛፍ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከዝግባ፣ ከጥድና ከኮሶ ጋር በመንግሥት ደን ውስጥ እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ለስጦታ የሚሆን ነገር ከክንድ ስለማይበልጥ እኔ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩ ቤቶች የሚጥሉትን ቁርጥራጭ እለቅማለሁ። የጅማ ዝናብ ብዙ በመሆኑ እርጥብ ቁራጭ ከተሠራ በኋላ ይጣመማል፣ ስለዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ አኑሬ በየሳምንቱ እመዝነዋለሁ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ለሥራ ደርሷል።

ሁለተኛውን «ቤተሰብ» የሠራሁት ጭረቱን አቁሜ ነው። አራቱን ፊደላት ለየብቻ፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካላቸው ቁርጥራጮች ላይ፣ የትኛውም እግር ከ7 ሚሊ ሜትር እንዳይቀጥን አድርጌ ሣልኋቸው። እንጨቱን በሰፊ ፕላስተር ሸፍኜ ንድፉን በላዩ ላይ ለጠፍሁ፤ ፕላስተሩ ምላጩ እንጨቱን እንዳያቃጥል ይረዳል። የ«ቤ»ን ቀለበት በዙሪያው ገና ብዙ እንጨት ሳለ አስቀድሜ በትራፓኖ በሳሁ፣ የ«ብ»ን የግራ ቅጥያ ደግሞ ወደ ሥሩ ትንሽ አወፈርሁት። በመጨረሻም በተጋደመ ረጅም መደብ ላይ ቦይ አውጥቼ እግሮቻቸውን ከተትሁና በኮላ አጣብቄ በሞርሳ አሳደርኋቸው።

እኅቴ ከረከቦቱ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አቁማዋለች። ባለፈው ሳምንት ትንሹ ልጇ «ቤ»ን ይዞ ጎትቶት ከነመደቡ ወደቀ፤ አንሥተን ስናየው ከመደቡ ጥግ አንድ ጭረት በቀር ምንም አልሆነም።