ለአረጋውያን ቤት ፈቃድ ሲጠየቅ እኛ የት ነን?

ሌሊቱን ሠርቼ አድሬ፣ እንቅልፌን ትቼ አርብ ጠዋት ሂሪንግ (ሕዝብ አስተያየቱን የሚሰጥበት ችሎት) ላይ ገባሁ። ጉዳዩ የዞኒንግ፣ ማለትም የመሬት አጠቃቀም፣ ፈቃድ ነው። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከቤቴ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ከ16 ሰው በላይ የሚይዝ አሲስትድ ሊቪንግ፣ ማለትም አረጋውያን እየታገዙ የሚኖሩበት ቤት፣ ሊሠራ ታስቧል።

ሦስት ሰዓት ያህል አዳመጥኩ። ስለ ፓርኪንግ ተወራ። ስለሚቆረጡት ዛፎች፣ ስለ ሌሊቱ መብራት፣ ስለ ቆሻሻ መኪናው ተወራ። እዚያ ገብተው ስለሚኖሩት ሰዎች ግን የተናገረ የለም ማለት ይቻላል። ሰፈራችን አበሻ የሞላበት ነው፤ ግማሻችን ደግሞ የምንተዳደረው አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። ከእኔ በቀር አንድም አበሻ አላየሁም። ይህ በጣም አንገበገበኝ።

አሠራሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ሰፈራችን ባለበት በሞንጎመሪ ካውንቲ እስከ 8 ሰው የሚይዝ የእንክብካቤ ቤት በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያለ ልዩ የዞኒንግ ፈቃድ ይከፈታል። የስቴቱ ላይሰንስ የግድ ነው፣ እሱ ግን ሌላ መንገድ ነው። ከ8 ሲያልፍ ኮንዲሽናል ዩዝ የሚባለው ልዩ ፈቃድ ይመጣል። የፕላኒንግ ባለሙያዎች ያጠኑታል፣ ከዚያ ሂሪንግ ኤግዛሚነሩ (ችሎቱን የሚመራው) ሁሉንም ሰምቶ ይወስናል። ጎረቤት የመናገር መብት አለው። ለራስ ለመናገር ጠበቃ አያስፈልግም።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ሕጉ ሁለት ዓይነት ችግር ይለያል። አንደኛው ከሥራው ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፦ ሠራተኛ ይገባል ይወጣል፣ ዕቃ ይራገፋል፣ አልፎ አልፎ አምቡላንስ ይጠራል። ይህ ብቻውን ፈቃድ አያስከለክልም። ሁለተኛው ከዚያው ቦታ የሚመነጭ ነው። ለምሳሌ መግቢያው መታጠፊያ ላይ ሆኖ የሚመጣ መኪና የማይታይ ከሆነ ክብደት አለው። አንድ ሰውዬ ስለ አምቡላንስ ጩኸት ረጅም ጊዜ ተናገሩ፤ ጭንቀታቸው ይገባኛል፣ ግን ለውሳኔው ብዙም አይረዳም። ሌላዋ ጎረቤት ዝናብ ሲዘንብ ከዚያ ግቢ የሚወርደው ውሃ ምድር ቤቷ እንደሚገባ በፎቶ አሳየች። እሷ ትክክል ናት፤ መፍትሔ ሳይገኝለት ግንባታው መጀመር የለበትም።

አንዳንዱ ደግሞ «እንዲህ ዓይነት ሰዎች እዚህ አይሆኑም» ሊል ይቃጣዋል። እሱ አይሠራም። የፌዴራሉ የመኖሪያ ቤት ሕግ በ1988 ሲሻሻል አካል ጉዳተኞችንም ከአድልዎ እንዲጠብቅ ተደርጓል፣ ዞኒንግም ከዚያ አያመልጥም።

ተራዬ ሲደርስ የማውቀውን ተናገርኩ። እኔ በምሠራበት ቤት ካሉት 8 ሰዎች መኪና የሚነዳ አንድም የለም። ሺፍት የሚቀየረው በአሜሪካ ሰዓት ጠዋት 7፣ ከሰዓት 3 እና ማታ 11 ሰዓት ላይ ነው። የማታው ነው ጎረቤት የሚቀሰቅሰው፣ ስለዚህ የሠራተኛ መኪና ከጎረቤት መኝታ ቤት ርቆ ይቁም አልኩ። ፓርኪንግ የሚጨናነቀው ደግሞ በዓመት በዓል፣ በተለይ በእናቶች ቀን ነው። ለዚያ ቀን የት እንደሚቆም ፈቃዱ ላይ በቅድመ ሁኔታ ይጻፍ አልኩ።

ያልተናገርኩት ነገር ግን አለ፣ ሰዓቴ አለቀ። ከምንከባከባቸው አንዷ የአገራችን እናት ናቸው። እንግሊዝኛው ከጠፋባቸው ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ኦትሚል ሲቀርብላቸው ሳህኑን በእጃቸው ጀርባ ገፋ ያደርጉታል። አንድ ቀን በቴርሞስ አጥሚት ይዤ ሄድኩ። ኩባያውን በሁለት እጃቸው ያዙና ሳያቋርጡ ጠጡት። «ተባረኪ ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። በየቀኑ ይጠይቁኛል፣ በየቀኑም የአባቴን ስም እነግራቸዋለሁ። ልጃቸው ከቨርጂኒያ እየነዳች ነው የምትጠይቃቸው፤ በቅርቧ ቦታ አላገኘችም። ወላጆቻችንን በፕሮሰስ አምጥተን አሁን ሰማንያ እየሞላቸው ነው። የት ነው የሚገቡት?

መዝገቡ ገና አልተዘጋም። ከተዘጋ በኋላ ውሳኔው በ30 ቀን ውስጥ ይጠበቃል። ቦታው ላይ የተተከለውን ማስታወቂያ አንብቡ፣ የመዝገብ ቁጥሩን ያዙ፣ አንድ ገጽም ብትሆን ጻፉ። የምትደግፉም የምትቃወሙም። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ በአማርኛ ላኩልኝ፤ እኔ እተረጉመዋለሁ፣ በስማችሁ ታስገቡታላችሁ።