ልብን አውቃለሁ ብዬ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስገባ

የልብ ስፔሻሊስት ሆኜ ጥቂት ከሠራሁ በኋላ ነው ተመልሼ ተማሪ የሆንኩት። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) አነባለሁ፣ የተዘጋ የልብ ደም ሥር እከፍታለሁ። ታዲያ ሌላ አንድ ዓመት የጽኑ ሕሙማን ሕክምና መማር ለምን አስፈለገኝ? በአንዲት ሌሊት ምክንያት።

ዲዩቲ (የሌሊት ተረኛ) ነበርኩ። የሳንባቸው ደም ሥር ግፊት ከፍ ያለ፣ የቀኝ ልባቸው የደከመ አንዲት እናት መተንፈስ አቃታቸው። በጉሮሯቸው የመተንፈሻ ቱቦ ይግባላቸው ብዬ አዘዝኩ። ማደንዘዣው ተሰጠ፣ ቱቦው በሰላም ገባ፣ የመተንፈሻ ማሽኑ አየር መግፋት ጀመረ። ወዲያው የደም ግፊታቸው ጠፋ። ደረታቸውን እየተጫንን ታገልን። ልባቸው ተመለሰ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም።

የሆነው ግልጽ ነው። ማደንዘዣው የደም ሥሮችን ያላላል። ማሽኑ አየር በግፊት ሲያስገባ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፤ የቀኝ ልብ ደሙን ወደ ሳንባ ለመግፋት የሚያወጣው ጉልበትም ይጨምራል። የደከመ ልብ ይህን ሁሉ ባንዴ አይችልም። እያንዳንዱን ለየብቻ አውቀው ነበር። አልጋው አጠገብ ቆሜ አንድ ላይ አላየሁትም።

የልብ ሕሙማን ልዩ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲጀመር ዋና ሥራው ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሀርት አታክ) የያዘውን ሰው በሞኒተር መጠበቅና አደገኛ የልብ ምት መዛባት ሲመጣ ቶሎ መድረስ ነበር። ዛሬ እዚያው አልጋ ላይ የተኛው ሰው ኩላሊቱም ደክሟል፣ ሳንባውም ተይዟል፣ ኢንፌክሽንም አለበት። ልቡን ብቻ ማከም አይበቃም።

ሥልጠናውን ስጀምር ሆን ብዬ ከልብ ሕሙማን ራቅሁ። መጀመሪያ ማደንዘዣ ክፍል ገባሁ፤ አሁንም ለሚጀምር ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው። ቱቦ ማስገባት በእጅ ካልገባ ሌላው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና አይሲዩዎች (የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች)። ሾክ ውስጥ የገባ፣ ማለትም ለሰውነቱ በቂ ደም የማይደርሰው ሰው ሲመጣ እጄ ወዲያው ወደ ኢኮ ማሽኑ ይሄድ ነበር። ልቡ ደክሞ ሳየው «አገኘሁት» እላለሁ። ሴፕሲስም (ሰውነትን ሁሉ የሚያናጋ ከባድ ኢንፌክሽን) ልብን እንደሚያደክም እያወቅሁ ማለት ነው። አንቲባዮቲኩ በመጀመሪያዋ ሰዓት ውስጥ መጀመር ያለበት ሰው እኔ የልቡን ሥዕል ሳነብ ደቂቃዎች ያልፉበታል። ይህን ልማድ ለመተው ወራት ፈጀብኝ።

በጣም የከበደኝ ግን ቬንቲሌተሩ፣ ያው የመተንፈሻ ማሽኑ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሳንባው ክፉኛ ለተጎዳ ሰው በእያንዳንዱ እስትንፋስ የሚገባለትን የአየር መጠን በሚዛን ኪሎው አሰላሁት። 95 ኪሎ ይመዝናል። አንዲት ነርስ ጠጋ ብላ፣ «ዶክተር፣ በቁመቱ ነው የሚሰላው» አለችኝ። ሰው ሲወፍር ሳንባው አያድግም። ቁመቱ 165 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ወንድ ስሌቱ 61 ኪሎ ተኩል ገደማ ይሰጣል። በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ሲባዛ 370 ያህል ነው። እኔ ያዘዝኩት 570 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ትልቅ ጥናት በእንዲህ ዓይነት ሕሙማን ላይ በኪሎ 12 ሚሊ ሊትርን ከ6 ጋር አወዳድሮ፣ በትንሹ መጠን ሞት ከ40 ወደ 31 በመቶ ገደማ መውረዱን አሳይቷል። ያቺን ነርስ ዛሬም አመሰግናታለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ከራውንድ (ሕሙማንን ከመዞር) በፊት ግማሽ ሰዓት ማሽኑ ፊት ቆሜ በስክሪኑ ላይ የሚታዩትን የአተነፋፈስ መስመሮች ብቻ አያለሁ።

ወራት አልፈው የቀኝ ልባቸው የደከመ ሌላ ታማሚ መጡ። በዚህ ጊዜ አልቸኮልኩም። የደም ግፊት የሚጨምረው መድኃኒት፣ ኖርአድሬናሊን፣ ቀድሞ ተንጠልጥሎ የደም ግፊታቸው ከፍ እስኪል ጠበቅን። ማደንዘዣውን በጥቂቱ ሰጠን፤ ማሽኑንም በዝቅተኛ ግፊት ጀመርን። የደም ግፊታቸው ትንሽ ወረደና ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን ልጃቸው አልጋው ራስጌ ቆማ፣ «ዶክተር፣ አሁን የሚተነፍሰው ማሽኑ ነው ወይስ አባቴ?» ብላ ጠየቀችኝ። በፊት ቢሆን አድበስብሼ አልፈው ነበር። ወደ ስክሪኑ አቀረብኳትና ከእያንዳንዱ እስትንፋስ በፊት መስመሩ ትንሽ ወደ ታች ጎንበስ የሚልበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋት።

«ይቺን አየሻት? አባትሽ ናቸው። እሳቸው ይጀምራሉ፣ ማሽኑ ያግዛቸዋል።»

ከአጠገቡ አልሄደችም። መስመሩ ጎንበስ ባለ ቁጥር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መቁጠር ጀመረች።