ለጋራዣችን የራሱ ብሬከር ሳጥን

ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የገዛ ሀበሻ መቼስ ጋራዡን ኩሽና ነው የሚያደርገው። ምጣዱ እዛ፣ ዲፕ ፍሪዘሩ እዛ፣ የሽንኩርቱ ጆንያ እዛ፣ መኪናው ውጪ ያድራል። የኛም እንደዛው ነው፣ ግን ቤቱ ሲሰራ ለጋራዥ የተሰጠው አንድ ባለ 20 አምፕ መስመር ብቻ ነበር። 1500 ዋት ምጣድ በ120 ቮልት ብቻውን 12 አምፕ ተኩል ይበላል፣ ፍሪዘሩ ሲነሳና የበሩ ሞተር ሲጨመርበት ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሊጡ የፈሰሰ ሰዓት ከሆነማ በቃ እንጀራው አይን ሳያወጣ ይቀራል።

ስለዚህ ሰብ ፓኔል፣ ማለትም ከዋናው የብሬከር ሳጥን (ፓኔል) መብራት የሚወስድ ሁለተኛ ሳጥን፣ አስገባን። ከዋናው ፓኔል ላይ አንድ ባለ 60 አምፕ ብሬከር ተነስቶ በ6 ቁጥር የመዳብ ሽቦ ጋራዥ ድረስ ይሄዳል፣ እዛ ሌላ ትንሽ ሳጥን ይገጠማል። ፐርሚት አውጥቶ የሰራልን ላይሰንስ ያለው ያገራችን ልጅ ነው፣ እኔ ባትሪ እያበራሁለት በጥያቄ ሳደርቀው ዋልኩ።

የሚገባው ሽቦ አራት ነው፣ ሁለት ሆት (ከረንቱን የሚያመጡት)፣ ነጩ ኒውትራል (ከረንቱ የሚመለስበት) እና ግራውንዱ (ብልሽት ሲኖር ብቻ ከረንት የሚያልፍበት የመከላከያ ሽቦ)። ከሳጥኑ ጋር አንዲት አረንጓዴ ብሎን ትመጣለች፣ ኒውትራሉን ከሳጥኑ ብረት ጋር የምታያይዝ፣ እሷን ሳይገጥማት ኪሱ ከተታት። ነጩን አንድ ባር (ሽቦዎቹ የሚታሰሩበት ብረት) ላይ፣ ግራውንዱን ሌላ ባር ላይ አሰረ። "ዋናው ፓኔል ላይ ግን አንድ ላይ ናቸው አይደል እንዴ?" ስለው "እዛ ብቻ ነው የሚገናኙት ወንድሜ" አለኝ። እዚህም ከተገናኙ በኒውትራል መመለስ ያለበት ከረንት ከፊሉ በግራውንድ ይመለሳል፣ ግራውንዱ ደሞ ከፍሪዘሩም ከሳጥኑም ብረት ጋር የተያያዘ ነው፣ ኒውትራሉ የላላ ቀን ፍሪዘር ልትከፍት ስትል ይነዝርሃል።

"ዋናውን ብሬከር አጥፍተህ ራስህ ስራው" የሚል ዘመድ አይጠፋም። እሱ ጠፍቶም ከቆጣሪው የሚመጡት ወፋፍራም ሽቦዎች ከረንት አላቸው፣ እና ይቅርብኝ።

ኢንስፔክተሩም ክዳኑን አስከፍቶ ያችን የብሎን ቦታ አይቶ አሳለፈው።

የኤሌክትሪክ መኪና ካሰባችሁ ግን 60 አምፕ ቶሎ ያልቃል። ቻርጀር ለሰዓታት ስለሚስብ ብሬከሩ ሩብ ያህል ከፍ ማለት አለበት፣ 32 አምፕ ለሚስብ ቻርጀር የ40 ብሬከር ማለት ነው። ዋናው ፓኔል የሚችል ከሆነ (መጀመሪያ ሎዱን፣ ቤቱ በጠቅላላ የሚስበውን፣ አስሰሉት) እኔ ብሆን ከጅምሩ 100 ነበር የማስገባው፣ ግድግዳ መብሳቱ እንደሆነ ያው ነው። ጋራዡ ከቤቱ ተነጥሎ የቆመ ከሆነ ደግሞ እዛው መሬት ውስጥ የሚቀበር የራሱ ግራውንድ ሮድ (ከግራውንዱ ሽቦ ጋር የሚያያዝ የብረት ዘንግ) ያስፈልገዋል፣ ዋጋ ስትጠይቁ እሱ መካተቱን እዩ።