ከቃሊቲ እስከ ሐዋሳ፦ ሁለት የደነዘዙ ጣቶች ይዤ የተጓዝኩት መንገድ

በኅዳር ወር አጋማሽ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ብስክሌቴን ይዤ ከቃሊቲ ወደ ሐዋሳ ስነሣ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ ከደነዘዙ ሁለት ወር አልፏቸው ነበር። መምህር ስለሆንኩ ችግሩ ይበልጥ የሚሰማኝ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ነበር፤ ማታ ደግሞ እንጀራ ስቆርስ እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስለኝ ነበር። ብስክሌት መንዳት የጀመርኩት በልጅነቴ በሰፈራችን በደቂቃ እየተከራየሁ ነው፤ ዛሬም ትምህርት ቤት የምሄደው በብስክሌት ነው፤ የእሑድ ጠዋቴም የእርሱ ነው። ስለዚህ «ለጥቂት ጊዜ ተወው» የሚለኝን ሰው ምክር መስማት በጣም ይከብደኝ ነበር።

አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወዳጄ የነገሩን መነሻ አስረድቶኛል። ከክርን ወርዶ በመዳፍ ውጫዊ ጠርዝ በኩል የሚያልፍ አልናር የሚባል ነርቭ አለ፤ ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣትን ግማሽ ስሜት የሚሰጣቸው እርሱ ነው። ብስክሌተኛው መሪውን ተደግፎ ለረጅም ሰዓት ሲነዳ ነርቩ በመዳፉ ሥር ይጫናል፤ ጫናው በየቀኑ ሲደጋገም ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ ሲብስም እጅ አቅም ያጣል። ወፍራም ጓንት እንዳደርግና እጄን በየጊዜው እንዳፈራርቅ መክሮኝ ሁለቱንም ባደርግም ለውጥ አላየሁም ነበር።

ጉዞውን በሦስት ቀን ከፈልኩት፤ የመጀመሪያው ቀን እስከ ሞጆ፣ ሁለተኛው እስከ ባቱ፣ ሦስተኛው እስከ ሐዋሳ ሲሆን በጠቅላላው ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። የፍጥነት መንገዱ ለብስክሌት ስለማይፈቀድ በአቃቂና በዱከም የሚያልፈውን አሮጌውን መንገድ ያዝኩ። እስከ ዱከም ድረስ የከባድ መኪና ጭስና አቧራ ዓይኔን አቃጥሎት ስለነበር ስለዚያ ክፍል ብዙ የምለው የለኝም። ከቢሾፍቱ በኋላ ግን የአድአ ጤፍ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል፤ በአውድማው ላይ በሬዎች ይዞራሉ፤ የገለባው ሽታ መንገዱ ድረስ ይመጣል። አንድ ዛፍ ሥር ቆሜ እናቴ በማር ለውሳ የሰጠችኝን በሶ በላሁ። ለረጅም መንገድ ከበሶ የተሻለ ስንቅ እስካሁን አላገኘሁም፤ ሆድ ሳይከብድ ለሰዓታት ያቆያል። ሞጆ እንደደረስኩ ከሁሉ አስቀድሜ ታጥቤ ቁምጣዬን ለወጥኩ። ለመናገር ቢያሳፍርም፣ በላብ የራሰ ልብስ ለብሶ መቆየት በመቀመጫ ላይ ብጉንጅ እንደሚያወጣና ያ ብጉንጅ ለሳምንት ከብስክሌት እንደሚያርቅ ከዚህ ቀደም በራሴ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ።

በማግስቱ ከሞጆ ወጥቼ የቆቃን ሐይቅ አልፌ የአዋሽን ድልድይ ስሻገር ሙቀቱ ጠንክሯል፤ ነፋሱም ከፊት ነበር። በአንድ ሊትር ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጬ ይዤ ስለነበር የባቴ ጡንቻ እንደ ወትሮው አልተሸማቀቀም። መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት በሣጥን በሣጥን በመንገዱ ዳር ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። ከዚያ እስከ ባቱ ያለው ሜዳ ላይ ግን የጉልበቴ ፊት መቆርጠም ጀመረ፤ እጄም ከፋ። ማታ ባቱ ያረፍኩበት ክፍል በር ላይ ቁልፉን በቀኝ እጄ ማዞር አቃተኝና በግራ እጄ ከፈትኩት። ያኔ በእውነት ፈራሁ፤ በአውቶቡስ ልመለስ ብዬም አሰብኩ።

ጎማ ላስነፋ ከሐይቁ በሚመጣው መንገድ ዳር ከሚሠሩ አንድ አዛውንት የብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ጎማውን ከመንፋታቸው በፊት ብስክሌቱን ከጎን ትክ ብለው አዩትና «ልጄ፣ እጅህን አያምህም?» ሲሉ ጠየቁኝ። ስለ እጄ አንድም ቃል አልነገርኳቸውም ነበር።

«በምን አወቁ አባቴ?» አልኳቸው።

ከመልስ ይልቅ ጠፍጣፋ ጣውላ በኮርቻው ላይ አስቀምጠው፣ እስከ አንገቱ ውኃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ በጣውላው ላይ አጋደሙ። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው አየር ወደ ኋላ ሸሸ። የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች አዘንብሎ ኖሯል፤ እኔ ግን በ2 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አላስተዋልኩትም። «ኮርቻው ወደ ፊት ያንሸራትትሃል፤ አንተ ደግሞ በእጅህ እየገፋህ ወደ ኋላ ትመለሳለህ። ከአዲስ አበባ እስከ እዚህ ስትታገል ነው የመጣኸው» አሉኝ። ብሎኑን አላልተው ኮርቻውን አስተካከሉ። ቀጥለውም እንድቀመጥ አድርገው ተረከዜን በፔዳሉ ላይ አስረገጡኝ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሬ ሊዘረጋ ሲገባው ታጥፎ ቀረ። ጉልበቴን ያሳመመው የኮርቻው ዝቅ ማለት ነው ብለው ሁለት ጣት ያህል ከፍ አደረጉት። ከ15 ደቂቃ በላይ አልፈጀባቸውም፤ የጠየቁኝም የሻይ ያህል ነበር።

ያን ሌሊት ስለ ብስክሌቴ ብዙ አሰብኩ። የገዛሁት ያገለገለ ነው፤ ኮርቻው የተስተካከለው ለማላውቀው ሰው ቁመትና ለማላውቀው ሰው አነዳድ ነበር። አብዛኞቻችን ብስክሌት የምንገዛው እንዲሁ ነው፤ እንደመጣ እንነዳዋለን፣ ሲያመን ደግሞ ጥፋቱን ወደ ሰውነታችን እንወስዳለን። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነውን ጽጋቡ ግርማይን በቴሌቪዥን ስንመለከት ስለ ሳንባውና ስለ እግሩ እናወራ ነበር እንጂ፣ እነዚያ ተወዳዳሪዎች ኮርቻቸውን በሚሊ ሜትር እየለኩ እንደሚያስተካክሉ ትዝ አይለንም ነበር። እኔ ኮርቻዬን ለክቼ የማላውቅ የሒሳብ መምህር መሆኔን ሳስብ አዘንኩ።

በሦስተኛው ቀን ሰውነቴ መጀመሪያ አዲሱን አቀማመጥ ባዕድ አድርጎት ነበር፤ ቡልቡላን ካለፍኩ በኋላ ግን እጆቼ መሪው ላይ ብቻ ማረፋቸውን፣ አለመግፋታቸውን አስተዋልኩ። በግራዬ ላንጋኖ ቡናማ ውኃውን ዘርግቷል፤ በቀኜ በግራሮቹ መካከል የአብያታ ነጭ ዳርቻ ይታያል። ከላንጋኖ ወደ አርሲ ነገሌ የሚያስወጣው ዳገት ረጅም ነው፤ ከ300 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ እያልኩ ስወጣ የጉልበቴን ቁርጥማት እጠብቅ ነበር፤ አልመጣም። ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ያለውን ቁልቁለት ስወርድ ፍሬኑን በቀኝ እጄ ያዝኩት።

ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ናት፤ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ዳቦ የጫነው ሁሉ በብስክሌት ይሄዳል፤ እኔም በመካከላቸው ማንም ሳያየኝ ወደ አሞራ ገደል ደረስኩ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ቆሮሶ ይገፍፋሉ፣ አባ ኮዳዎቹ ትርፍራፊውን ይጠብቃሉ። ብስክሌቴን ዛፍ ላይ አስደግፌ የዓሣ ሾርባ አዘዝኩ፤ በብርጭቆ መጣልኝና በሁለት እጄ አቀፍኩት። ትኩስ ነበር። ሙቀቱ መጀመሪያ በአውራ ጣቴ፣ ከዚያ በመካከለኛዋ፣ ቆየት ብሎም በቀለበት ጣቴ ተሰማኝ። ትንሿ ጣቴ ገና ነበረች፤ ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ግን ጫፏን እንደ መርፌ የሚወጋ ነገር ነካት፤ ሁለት ወር ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ስሜት ነውና አስተናጋጇን ሌላ ትኩስ ሾርባ እንድትጨምርልኝ ለመንኳት።