ገንዳው ብድግ ያለ ሌሊት

ስልኬ የጮኸው ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ነሐሴ ነበር፣ የቡሄ ሰሞን። ደዋዩ የግቢው ዘበኛ ነው።

"ኢንጂነር፣ ገንዳው ተነሥቷል" አለኝ።

"ተነሥቷል ማለት?"

"ብድግ ብሏል። ከመሬቱ ወጥቷል።"

ውሃው ሞልቶ ፈሰሰ ሊለኝ መሰለኝ። ግን በመዋኛ ገንዳው ውስጥ ውሃ አልነበረም። ከአንድ ቀን በፊት "አውጡትና እጠቡት" ብዬ በስልክ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ጃኬቴን ደርቤ ባጃጅ ይዤ ወጣሁ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። መንገዱ ሁሉ ውሃ ተኝቶበታል።

ቤቱ ባሕር ዳር ሽምብጥ በኩል ነው። ከግቢው ጀርባ ጥቂት እንደተሄደ ደንገሉ ይጀምራል፣ ከዚያ ወዲያ ጣና ነው። ሥራውን ስንጀምር ያየን ሁሉ "ሐይቁ ደጃፋቸው እያለ የምን መዋኛ ነው?" ይል ነበር። የቤቱ እመቤት ግን የሚሠሩትን ያውቃሉ። እትዬ ነው የምላቸው። የልጅ ልጆቻቸው ዋና እንዲችሉ ይፈልጋሉ። በሐይቁ ዳር ደግሞ ቢልሃርዝያ አለ። በሽታው ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ በኩል አልፎ በቆዳ ይገባል፣ ልጅ ደግሞ የሚንቦጫረቀው ቀንድ አውጣው ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ነው። "ከጣና ዳር ተወልዶ ዋና የማይችል ልጅ አላሳድግም፣ በበሽታም አላስይዝም" አሉኝ። በዚህ ምክንያት ሥራውን ወደድኩት።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ቆፈርን። ከላይ መረሬ ነው፣ ጥቁር፣ ደርቆ የተሰነጣጠቀ፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው። ዝቅ ሲል ቡናማ ይሆናል። በጥልቁ በኩል 2 ሜትር ከ30 ወረድን፣ ውሃ የለም። ከታች ትንሽ ርጥበት ብቻ። ፎቶ አንሥቼ ለእትዬ ላክሁላቸው። "ደረቅ መሬት ነው፣ ተገላገልን" ብዬ ጻፍኩ። ያ መልእክት አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ።

በዚያ ሰሞን ከጎን ያሉት አዛውንት በየቀኑ እየመጡ ያዩን ነበር። አያ እንላቸዋለን። አጥሩን ተደግፈው ይቆማሉ፣ ወንበር ስንሰጣቸው ይቀመጣሉ። በግቢያቸው በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ አለ። ቧንቧ በጠፋ ቁጥር ሠፈሩ ከእሳቸው ይቀዳል። አንድ ቀን ወደ ጉድጓዳችን ጎንበስ ብለው አዩና እንዲህ አሉኝ፦

"ልጄ፣ እኔ አሁን ውሃ የምቀዳው በስድስት ክንድ ገመድ ነው። ነሐሴ ላይ ገመድ አያሻኝም። ተንበርክኬ በጣሳ ነው የምቀዳው።"

"እግዜር ይስጥልን አያ፣ ጥሩ ጉድጓድ ነው ያለዎት" አልኳቸው። ወደ ፌሮው ዞርኩ። ፌራዮዎቹ ብረት እያሰሩ ነበር፣ እኔም የብረቱን ክፍተት እየለካሁ ነበር።

ስለ ጉድጓዳቸው የሚያወሩኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን የሚነግሩኝ ስለ እኔ ጉድጓድ ነበር። ከአፈር ምርመራ ወረቀት ላይ የማነብበውን ቁጥር ነው በክንድና በጣሳ የነገሩኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት ደግሞ አላሠራሁም። ለግል ቤት መዋኛ ማን የአፈር ምርመራ ያሠራል ብዬ።

ሥራው ራሱ በደንብ ሄደ። ገንዳው በውስጥ 8 ሜትር በ4 ሜትር ነው። በአንድ በኩል 1 ሜትር ከ20፣ በሌላው 2 ሜትር ይጠልቃል። ወለሉም ግድግዳውም 20 ሳንቲም ኮንክሪት፣ ድርብ ብረት። የኮንክሪቱን ቅርጽ የያዘው ካሳፎርማ ቀጥ ያለ፣ ኮንክሪቱን የሚያጠቀጥቀው ቫይብሬተር ያልተቋረጠ። ውሃ የማያስገባ ልስን ለሰንን፣ ሰማያዊ ሴራሚክ ለጠፍን። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሞልተን አንድ ሳምንት አቆየነው። ጠብ አላለም። ውሃ እንዳያፈስ የነበረኝ ጭንቀት ሁሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ነበር። ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገፋ ውሃ አንድም ቀን አልታሰበኝም።

ክረምቱ ገባ። መብራት ይሄዳል ይመጣል። የማጣሪያው ፓምፕ ለቀናት ቆመ። ነሐሴ ላይ ውሃው አረንጓዴ ሆነ። እትዬ ደወሉ፣ ለቡሄ ልጆቹ ይመጣሉና ይጽዳልኝ አሉ። እኔ መራዊ ላይ የኮንክሪት ሙሌት ላይ ነበርኩ። "በፓምፕ አውጡት፣ በብሩሽ እጠቡት፣ እንደገና እንሞላዋለን" አልኩ። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ቢኖር እዚህ ጋ ቆም ብሎ እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ። አረንጓዴ ውሃ ገንዳ አያስደፋም። ግድግዳውን በብሩሽ መፈግፈግ፣ ክሎሪኑን ለጊዜው ከፍ ማድረግ፣ ማጣሪያውን ሌት ተቀን ማስኬድ ይበቃዋል። መብራት ከሌለ ጄኔሬተር መከራየት ይሻላል። በጥቂት ቀን ይጠራል።

ሁለት ልጆች እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ውስጡ ገብተው ሲፈገፍጉ ዋሉ። ወለሉን አድርቀው፣ መሰላሉን አውጥተው ሄዱ። ሌሊት ዝናቡ ወረደ። እትዬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ከባድ በር የተዘጋ የሚመስል ድምፅ ሰምተዋል። ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ ረጅም፣ እንደ ጨርቅ ቀደዳ።

ስደርስ ዘበኛው ምንም አላለኝም። በእጁ ብቻ አሳየኝ። በጥልቁ በኩል ያለው ጠርዝ ከዙሪያው ንጣፍ በላይ ቆሟል። ለካሁት። 14 ሳንቲም። ከአጠገቡ ያለው የእግር መንገድ ኮንክሪት ተገንጥሎ እንደ ክዳን ተከፍቷል። የውሃ መመለሻው የፒቪሲ ቱቦ ክርክም ብሎ ተሰብሯል። ከሰማያዊው ሴራሚክ አንድ ረድፍ ተፈንቅሎ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ውሃ ልኩን ጠርዙ ላይ አስቀመጥኩት። አረፋዋ ሮጣ ሄዳ ጥግ ላይ ተለጠፈች። በተከፈተው ስንጥቅ ውስጥ ጎንበስ ብዬ አየሁ። እዚያ ታች፣ ክንዴ በሚደርስበት ቦታ፣ ጥቁር ውሃ ይታያል። ፀጥ ብሎ ተኝቷል።

እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል።

"ሰው ውስጥ አልነበረም?" አሉኝ።

"አልነበረም እትዬ።"

"ተመስገን" አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ገንዳውን ያዩት።

ስለ ገንዘብ ያኔ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን ሁለቱን ልጆች እያሰብኩ ነበር። ጥቂት ሰዓት ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ውስጥ ነበሩ።

ፎርማናችን ወለሉን በመዶሻ እንብሳውና ውሃው ይግባ አለ። ዘበኛው ቶሎ ሞልተን ወደ ቦታው እንመልሰው አለ። ሁለቱንም አልፈቀድኩም። የተነሣ ገንዳ ሥር ክፍተት ይፈጠራል፣ ጭቃና ጠጠርም ይገባበታል። ላዩ ላይ ድንገት 50 ቶን ውሃ ብትጭንበት ወገቡ ይሰበራል። ያደረግነው ሌላ ነው። ማንም እንዳይገባ አጠርነው። ከገንዳው ውጭ በጥልቁ በኩል ጉድጓድ ቆፍረን የናፍጣ ፓምፕ አስገባን፣ የዙሪያውን ውሃ ቀስ በቀስ ማውጣት ጀመርን። ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ወጣ።

ያን ዕለት ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ስሌቱ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። መጋቢት ላይ ብሠራውም አሥር ደቂቃ ነበር የሚፈጀው።

ገንዳው ከነግድግዳው 8.40 በ4.40 ሜትር ነው፣ ወደ 37 ካሬ ሜትር። ከሥሩ ያለው ውሃ 10 ሳንቲም ከፍ ባለ ቁጥር 3.7 ቶን ወደ ላይ ይገፋዋል። በዚያ ጠዋት በዙሪያው ያለው ውሃ ከመሬቱ ገጽ 50 ሳንቲም ብቻ ዝቅ ብሎ ነበር። የወለሉ ሥር በአማካይ 1 ሜትር ከ80 ላይ ነው። ስለዚህ 1 ሜትር ከ30 ያህሉ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ወደ 48 ቶን ግፊት ማለት ነው። ኮንክሪቱ፣ ልስኑና ሴራሚኩ ተደምሮ 40 ቶን አካባቢ ይመዝናል። በቃ። ሙሉ ቢሆን ኖሮ ውስጡ ያለው 51 ቶን ውሃ ተጭኖት ንቅንቅ አይልም ነበር። ከሰኔ ጀምሮ ያን ገንዳ መሬት ላይ ይዞ ያቆየው የራሱ ውሃ ነው። እኔ ደግሞ በክረምቱ መሀል አስወጣሁት።

ውሃው ከየት መጣ የሚለውን ለማወቅ ሁለት ቀን ዞርኩ። ጣና በዓመት ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ይላል። ከሁሉ ዝቅ የሚለው በበጋው ማብቂያ ነው፣ እኛ በቆፈርንበት ሰሞንም ገና እየወረደ ነበር። ሞልቶ የሚታየው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ዳር ዳሩ ያለው የከርሰ ምድር ውሃም ክረምት ሲገባ አብሮ ይነሣል። ይህ አንድ ነገር ነው። ዋናው ጥፋት ግን ከዚህም ይቀርብ ነበር። ግድግዳው ካለቀ በኋላ ዙሪያውን የሞላነው በድንጋይ ፍርስራሽና በአሸዋ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መረሬ ውሃ አያሳልፍም። እኛ ሳናውቅ በመረሬው ውስጥ አንድ ትልቅ ድስት ቆፍረን ገንዳችንን ድስቱ ውስጥ አስቀምጠነዋል። የጣሪያው አሸንዳ ደግሞ የሚያወርደው በጥልቁ በኩል ጥግ ላይ ነው። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በአንድ ሌሊት 40 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል 8,000 ሊትር ነው። ያ ሁሉ ቀጥታ ወደ ድስቱ።

አሸንዳውን ስንቴ አልፌበታለሁ። አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም።

እንደገና የሠራነው ታኅሣሥ ላይ ነው፣ የእጅ ዋጋውን በሙሉ በራሴ ወጪ፣ የዕቃውን ደግሞ ከእትዬ ጋር ተካፍለን። እንካፈል ያሉት እሳቸው ናቸው። እኔ ሁሉንም ልሸፍን ነበር። በጥልቁ በኩል ያለውን ግማሽ አፍርሰን አወጣን። ከወለሉ ሥር 30 ሳንቲም ንጹህ ጠጠር አነጠፍን። በጠጠሩ ውስጥ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ዘረጋን፣ ጭቃ እንዳይደፍነው ውሃ ብቻ በሚያሳልፍ ጨርቅ፣ በጂኦቴክስታይል፣ ጠቀለልነው። ቱቦው የሚሄደው በጥግ ላይ ወዳቆምነው ቀጥ ያለ ወፍራም ቱቦ ነው፣ ከገንዳው ወለል ግማሽ ሜትር ይጠልቃል። ከላይ ክዳን አለው። ክዳኑን ከፍቶ ባትሪ ማብራት ነው፣ ከሥር ያለው ውሃ የት እንደደረሰ በዓይን ይታያል። ተንሳፋፊ ማብሪያ ያላት ትንሽ ፓምፕ ቱቦው ውስጥ ተቀምጣለች። መብራት ቢጠፋ ደግሞ ወለሉ ላይ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ገብቷል። ከሥር ያለው ውሃ ከበረታ ቫልቩ ራሱ ተከፍቶ ወደ ገንዳው ያስገባዋል። ገንዳው ይቆሽሻል፣ ግን አይነሣም። አዲሱን ወለል ከግድግዳው 40 ሳንቲም ወደ ውጭ አስረዘምነው፣ አፈሩ ከላይ ተጭኖ እንዲይዘው። ዙሪያውን የላይኛውን ግማሽ ሜትር በመረሬው በራሱ ጠቅጥቀን ዘጋነው። አሸንዳው ወደ መንገዱ ቦይ ዞረ። ለዚህ የሚበቃ አንድ ቱቦና ግማሽ ቀን ነው የፈጀው።

ከበሩ አጠገብ በትልቁ አስጻፍኩ፦ "ከሰኔ እስከ ኅዳር ገንዳውን ባዶ ማድረግ ክልክል ነው።" ዘበኛው በቃሉ ያውቀዋል። እኔ ራሴ ደውዬ አውጡት ብል እንኳ እምቢ በለኝ ብዬዋለሁ።

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ግን አያ ዘንድ ሄጄ ነበር። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ያን ቀን የነገሩኝን እንዲደግሙልኝ ጠየቅኋቸው። አልተቆጡም። ገመዱን አመጡት። የተቋጠረ አሮጌ ገመድ ነው። አንዱ ቋጠሮ የሚያዝያ ነው፣ አንዱ የሰኔ ማርያም፣ አንዱ የሐምሌ አቦ። ከላይኛው ቋጠሮ እስከ ጫፉ አንድ ክንድ አይሞላም። በሜትሬ ለክቼ በደብተሬ አንድ በአንድ ጻፍኩት። አባታቸውም በዚሁ ጉድጓድ እንዲሁ ይቋጥሩ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ዳር ሥራ ስወስድ አስቀድሜ የምጠይቀው "በአካባቢው የውሃ ጉድጓድ ያለው ማን ነው?" ብዬ ነው። የአፈር ምርመራም አሠራለሁ። አንዱ ሌላውን አያስቀርልኝም።

በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሄድኩ። አያ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። አብረን ወደ ጉድጓዱ ሄድን፣ እሳቸው ጣሳውን ሰደዱ፣ እኔ ሜትሩን። ከአፉ እስከ ውሃው 45 ሳንቲም። አጥሩን ዞሬ ገባሁና የቱቦውን ክዳን ከፈትኩ። ባትሪ አበራሁ። ውሃው ከገንዳው ወለል በታች ነበር፣ ፓምፗ ቀስ ብላ እየሳበች። ልጆቹ በወዲያኛው ጫፍ እየተንቦጫረቁ ነው። ተመልሼ ለአያ ነገርኳቸው።

"አምና በዚች ቀን ከዚህ ከፍ ብሎ ነበር" አሉኝ።

ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት።