የድሮውን የቴክኖ ፕሮጀክት ሳታድኑ አዲስ አልበም አትጀምሩ

ከረጅም ዝምታ በኋላ አልበም ለማውጣት የተነሳ የቴክኖ (የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ) ቡድን ዜማ አያስቸግረውም፤ የሚያስቸግረው የድሮው ፋይል፣ ማለትም በሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም የተሠራው ፕሮጀክት ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ጂማ ላይ የሠራንበትን መንገድ እንደወረደ እንጽፈዋለን።

የድሮው ላፕቶፕ አልነሳ ስላለ ሃርድ ዲስኩን ፈትተን በሳታ ኬብል ዩኤስቢ ላይ ሰካነው። ኮምፒውተሩ "ፎርማት ይደረግ?" ሲል ጠየቀ። የጥገና ባለሙያውም "ፎርማት ላድርግላችሁ፣ ፋይሉን በኋላ እናወጣዋለን" አለን። ይህ ምክር እስካሁን ያናድደናል። ከፎርማት በኋላ ፋይል ማውጣት ቢቻል እንኳ የፎልደሩና የፋይሉ ስም ከጠፋ ፕሮጀክቱ ሳምፕሎቹን (የሚጠቀምባቸውን የድምፅ ቁርጥራጮች) የት እንደሚፈልግ አያውቅም። ስም የሌለው የድምፅ ክምር ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ።

ዲስኩ ላይ ምንም ሳትጽፉ ዲዲሬስኪው በሚባለው የዲስክ ማዳኛ ፕሮግራም ሙሉ ኢሜጁን (የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ) ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፤ ሥራው ሁሉ ከቅጂው ላይ ይሁን። የት እንደደረሰ የሚመዘግብበት ማፕ ፋይል መስጠት አትርሱ፤ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ካለ ወዲያው ንቀሉት።

ቀጥሎ ፕሮጀክቱን መክፈት ነው። አዲሱ የሙዚቃ ፕሮግራም ቨርዥን የድሮውን ፕሮጀክት ይከፍታል ይባላል። እርግጥ ይከፍታል፤ ነገር ግን 32 ቢት ፕለጊን (ድምፅ ወይም ኤፌክት የሚሰጥ ተጨማሪ ፕሮግራም) በ64 ቢት ፕሮግራም ውስጥ ብዙውን ጊዜ አይነሳም፣ ቤዙም ሊዱም (ዋናው ዜማ) ጸጥ ይላል። በዚያው ሴቭ ካደረጋችሁት የድሮው ቨርዥን መልሶ ላይከፍተው ይችላል። ስለዚህ የድሮውን ፕሮግራም ከነፕለጊኖቹ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጫኑና እያንዳንዱን ትራክ ከመጀመሪያው ባር እስከ መጨረሻው በ24 ቢት ዌቭ አውጡ። ድምፁን በራሱ ከፍ የሚያደርገው ኖርማላይዝ ይጥፋ፣ ማስተሩ (ሁሉም ትራክ የሚያልፍበት መውጫ) ላይ ያለው የድምፅ ጣሪያ፣ ሊሚተሩ፣ ይወገድ። እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ከነኤፌክቱ፣ አንድ ጊዜ ያለ ኤፌክት አውጡ፤ ሚዲውንም (የኖታውን መረጃ) ለብቻው። ቤዙን ስታወጡ ኪኩን (የከበሮውን ወፍራም ምት) ሚውት አታድርጉ፤ ኪኩ በመታ ቁጥር ቤዙን ዝቅ የሚያደርገው ሳይድቼይን አብሮ ሊጠፋ ይችላል፣ ያ የሚተነፍሰው ቤዝም ድርቅ ብሎ ይቀራል።

ሳምፕል ሬቱን (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ) ደግሞ አንድ በአንድ ፈትሹ። በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀዳ ድምፅ ሳይቀየር እንደ 48 ኪሎኸርዝ ከተጫወተ ፍጥነቱ 8.8 በመቶ ይጨምራል፦ 128 ቢፒኤም (በደቂቃ 128 ምት) የነበረው 139 ይሆናል፣ ድምፁም አንድ ተኩል ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ገደማ ይቀጥናል። ከበሮ ላይ አይታወቅም። በትዝታ የተቃኘ ክራር ላይ ግን ገና ሲጀምር ጆሮ ያሳክካል፤ ከሲንቱ (ሲንተሳይዘሩ) ጋርም በየትኛውም ቁልፍ አይገጥምም።

ሌላው ቀላል ነው። ማሲንቆ በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ስር አይቀዳም፤ ዝናቡ ሳይጀምር ጠዋት ጨርሱት። የአልበሙ ሽፋን 3000 በ3000 ፒክስል ይሁን። ያልተነካ የድሮ ቅጂ የቀድሞውን አይኤስአርሲ (የቅጂው መለያ ቁጥር) ይዞ ይሄዳል፤ እንደገና ሚክስ የተደረገው አዲስ ይወስዳል። ሙዚቃውን ስፖቲፋይን ወደመሳሰሉት ለሚልከው አከፋፋይ የድሮ የአርቲስት ገጻችሁን ሊንክ ላኩ፤ አለበለዚያ አልበሙ ስመ ሞክሼ ገጽ ላይ ይወድቃል።

ስፖቲፋይ የመጨረሻው ቅጂ፣ ማስተሩ፣ -14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ቢሆን ይመርጣል። ለቴክኖ አንስማማም፤ ለዲጄ የሚላከው -9 አካባቢ ይሁን፣ ስፖቲፋይ እንደሆነ ራሱ ይቀንሰዋል። ትሩ ፒኩን (የድምፁን እውነተኛ ጫፍ) ብቻ -2 ዴሲቤል ላይ ያዙት፤ ፋይሉ ሲጨመቅ ኪኩ እንዳይሰነጠቅ።