«አያመኝም»

ዛሬ አባባን ይዤ ሐኪም ቤት ዋልኩ። ጭናቸው ላይ ያለውን እብጠት ዓመት ሙሉ «ስብ ነው፣ አያመኝም» ሲሉ ነበር። ዶክተሯ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ከኪሷ ሜትር አወጣች። 8 ሴንቲ ሜትር። አባባ ቁጥሩን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ጎትተው ጭናቸውን ሸፈኑ።

«አለማመሙ አያዘናጋን» አለች። ከ5 ሴንቲ ሜትር የበለጠ፣ ወደ ውስጥ የጠለቀ፣ እያደገ የሚሄድ እብጠት ሳርኮማ (ከጡንቻ፣ ከስብ ወይም ከአጥንት የሚነሳ ካንሰር) ሊሆን ይችላል። ከአዋቂዎች ካንሰር 1 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ቶሎ አይጠረጠርም።

እኔ «ዛሬውኑ ቆርጣችሁ አውጡልን» አልኩ። እሷ ግን መጀመሪያ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳይ ምርመራ)፣ ቀጥሎ የመርፌ ናሙና አለች። ምንነቱ ሳይታወቅ ከተቆረጠ ቅሪቱ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል።

ስንት አባት፣ ስንት እናት ይሆን ልጅ ላለማስጨነቅ «አያመኝም» እያለ የተቀመጠው? እስቲ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው። የእኛ ኤምአርአይ ማክሰኞ ነው።